ቀሪ ሂሳብ

ወር በገባ በመጀመሪያው ዓርብ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣
እንሰበሰባለን በአንዲት ጠባብ ቤት፣ ከጣና ዳር ሳንርቅ።
ወንበሩ ፕላስቲክ፣ ሲቀመጡበት የሚያቃስት፤
ግድግዳው ላይ አንሶላ፣ የታዘብ እናት የሰጡን ከሦስት ዓመት በፊት፣
ቀኝ ጥጉ ላይ በቀይ ክር ጽጌረዳ የተጠለፈበት።
ስለዚህ የሁላችንም ፎቶ፣ ዓሣም ይሁን ድልድይ፣
አንዲት አበባ ይዞ ይወጣል ከጥጉ ላይ።

የመጀመሪያው፦ ጀምበር ስትጠልቅ።
ሁለተኛው፦ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ታንኳ ከፊቷ።
ሦስተኛው፦ ያው ታንኳ፣ ያው ሰውዬ። አይ ብልሃቱ!
ማጥመድ ትቶ ለካሜራ መቅዘፍ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ፤
ሃምሳ ብር ከቆጠሩለት
ፀሐይዋ መሀል ገብቶ ይቆማል፣ ትንፋሹን ውጦ፣ እንደ ሐውልት።
አራተኛው ፔሊካን። አምስተኛው ፔሊካን፣ አፉን ከፍቶ።
«ብርሃኑ ግሩም ነው» እንላለን፣ ሌላ ቃል ጠፍቶ።

ተራው የእኔ ሆነ።
ፎገራ ድረስ ሄጄ እምቦጩን ነበር ያነሳሁት፣
ሐይቁን እንደ ብርድ ልብስ ተጭኖ ሲያፍነው፤
ያየ ሁሉ ይደንግጥ ብዬ፣ ግማሽ ቀን ጭቃ ውስጥ የቆምኩለት።
ከኋላ አንዱ «አቤት ልምላሜ!» አለ፣
«ሐምራዊ አበባው! ለሳሎን እንዲህ ያማረ የት አለ?»
ምን እላለሁ።
ጽጌረዳዋም ከእምቦጩ መሀል የበቀለች መሰለች።
አማረባት።

«ዛሬ ጋሽ አገኘሁም አንድ አላቸው» አለ ታዘብ።
ዞር ዞር አልን።
መናኸሪያው ፊት ለፊት አርባ ዓመት ጉርድ ያነሱ፣
ከተማውን በሙሉ ከደረት በላይ የሚያውቁ፣
ቀና በል፣ አትሳቅ፣ ጆሮሽ ይታይ፣
ሲሉ ያረጁ ሰው።
ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ይመጣሉ፤ አሳይተው አያውቁም።

አንሶላው ላይ የብስኩት ቆርቆሮ ወጣ፤
ክዳኑ ተከፍቶ፣ ውስጡ ፊት በፊት ላይ።
ተነሥተው ያልተወሰዱ፣
ቀብድ ከፍለው በዚያው የቀሩ፣
አንዱ የስቱዲዮውን ከረባት ያሰረ፣
አንዷ ዓይኗን የጨፈነች፣
አንዷ አንገቷ ላይ የሕፃን እጅ የቀረባት፣
ሕፃኑ ራሱ ከፍሬሙ ውጭ።

«ርዕሱ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»
«ርዕስ የለውም» አሉ። «ሂሳብ ነው።»

ስለ ብርሃኑ የተናገረ አልነበረም።

ያኔ መብራት ጠፋ።
ፕሮጀክተሩ አንዴ ተነፈሰና አበቃ፤
ከደንገሉ በኩል ጉማሬ አጉረመረመ፣
የሆቴሉ ጀነሬተር ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ጀመረ፣ ተወ፣ ጀመረ።
እጃችን ለስልክ ወደ ኪስ ሲገባ፣
«ቆዩ፣ አታብሩ» አለች ሙሉጎጃም።

ግብርና ቢሮ ነው የምትሠራ። የወፍ እግር ብቻ ታነሳለች፣
ወፉን አታነሳም።

«ከታች ሁለተኛው ረድፍ፣ ከከረባቱ ጎን፣
አንድ ጆሮዋ ብቻ የሚታየው፣ እኔ ነኝ።
ለቤሩት ነበር። ደላላው አራት ጉርድ አምጪ ብሎኝ
ሐሙስ ተነሣሁ፣ ቅዳሜ ነይ አሉኝ።
ቅዳሜ መጣሁ፤ መናኸሪያው ጋ ስደርስ
እግሬ ወደ ስቱዲዮው መታጠፍ እምቢ አለኝ።
ምክንያት የለኝም፤ እግሬ ነው።
አብራኝ የተነሣችው ልጅ ግን የራሷን ወስዳ...»

አልጨረሰችውም።
ውሃው ድንጋዩን ሲልስ ይሰማል።

ጋሽ አገኘሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።
«ሦስት ብር ከሃምሳ ቀሪ አለብሽ።»

ሳቅን፤ የጨለማ ሳቅ፣
ከማን አፍ እንደወጣ የማይታወቅ፣
ጫፉ ላይ ሌላ ነገር የሚመስል።
የቦርሳ ዚፕ ሲከፈት ሰማን።

መብራት መጣ። ታዘብ ሳያስበው ተጫነና
አንዲት ሌላ ጀምበር አንሶላው ላይ ጠለቀች፣
ከነጽጌረዳዋ፣ ከነሰውዬው።
ማንም አላያትም።
ጋሽ አገኘሁ አሥር ብር ይዘው
ኪሳቸውን እየዳበሱ፣
መልስ ይፈልጋሉ።